ቴስተሩ «የለም» ሲል ማመን የሚቻለው መቼ ነው? ለኤሌክትሪክ ሥራ የቮልቴጅ መፈተሻ አመራረጥ

ብሬከሩ ወርዷል፤ የምጣዱ ሶኬት ክዳን ተፈትቷል፤ ካቻቢቴ ቴስተሩ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አውራ ጣት ጭራው ላይ አርፏል። መብራቱ አልበራም። ብዙ ሰው ፒንሳውን የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ያልበራው ግን ኮረንቲ ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ኮረንቲው እያለ ቴስተሩ ስላላየውም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ቴስተር ሲገዛ ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፦ ሳይበራ ሲቀር እጄን ላስገባበት ወይ? ኮረንቲ ሲኖር መብራት ለርካሹም ለውዱም ቀላል ነው። የሚለያዩት «የለም» ሲሉ ነው። እዚህ የተጻፈው በ220 ቮልት ነጠላ ፌዝና በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው (ፌዝ ማለት ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው)፤ ቤት ለሚዘረጋ፣ ወፍጮ ለሚጠግን፣ ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን መስመር ለሚነካ።

ካቻቢቴ ቴስተር

ባህር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የማይታጣው፣ ከባለሙያ ኪስ የማይለየው ይህ ነው። ውስጡ ያለው ጥቂት ነገር ነው፤ የብረቱ ዘንግ፣ ኮረንቲን የሚገታ ሬዚስተር፣ ትንሽ የኒዮን አምፖልና ስፕሪንግ። ኮረንቲው ከጫፉ ተነሥቶ በሬዚስተሩና በአምፖሉ ያልፋል፣ በጣታችሁ ወደ ሰውነታችሁ ይገባል፣ በእግራችሁ ወደ መሬት ይወርዳል። መንገዱን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ። የማይነዝራችሁ ሬዚስተሩ 1 ሜጋኦም አካባቢ ስለሆነና የሚያልፈው ኮረንቲ ከ0.2 ሚሊአምፔር ብዙም ስለማይዘል ነው። ሰው መንዘሩ የሚሰማው ከ0.5 ሚሊአምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው።

ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። ወፍራም የጎማ ጫማ አድርጋችሁ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆማችሁ ወደ መሬት የሚወርደው መንገድ ይጠባል፤ መብራቱ ይደክማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር ፀሐይ ስትሠሩ ደግሞ ቢበራም ዓይናችሁ አያየውም። ኒዮኑ ለመብራት ከ60 እስከ 90 ቮልት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያለውን አይናገርም። ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ 150ም ይሁን 230 ለዓይን አበራሩ ያው ነው። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በመስመሩ ጫፍ ያለ ቤት ፍሪጁ ለምን እንደሚያቃስት ይህ ቴስተር አይነግራችሁም።

ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደሆነ ለመለየት ግን ጥሩ ነው፤ ለዚያ ያዙት። ስትገዙ ጭራውን ፈትታችሁ ሬዚስተሩን አውጡና በመልቲሜትር 2 ሜጋኦም ላይ ለኩት። ከ500 ኪሎኦም በታች ካነበበ ተዉት። በሬዚስተሩ ቦታ ቁራጭ ብረት ያለበት ወይም ስፕሪንጉ በጎን አልፎ ዘንጉን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ለባለሱቁ ንገሩት፤ እሱን የያዘ ሰው ፌዙን በጣቱ እንደያዘ ቁጠሩት። ዘንጉ እስከ ጫፉ ድረስ በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን። ራቁቱን ረጅም የሆነ ዘንግ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሁለት ፌዝ በአንዴ ይነካና ብልጭታው ፊት ላይ ይመጣል። በእሱ የጠነከረ ብሎን መፍታትም ይቅር፤ እጀታው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እርጥበት ከገባበት ያ 1 ሜጋኦም ጠባቂነቱ ይቀራል።

ትንሽ መስኮት ያለው፣ 12፣ 36፣ 55፣ 110 እና 220 የሚል ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታል ካቻቢቴም አለ። ቁጥሩን እንደ ልኬት አትውሰዱት። የሚያሳየው በሰውነታችሁ በኩል የሚያልፈውን ግምት ነው፤ ጫማ ስትለውጡ ቁጥሩም ይለወጣል። የሞተ ሽቦ ከሕያው ሽቦ ጎን ቢያልፍም 55 ወይም 110 ብሎ ሊቆም ይችላል።

ሳይነካ የሚለየው ብዕር

ሽቦው አጠገብ ሲቀርብ የሚጮኸውና የሚያበራው ብዕር የሚሠራው በሽቦው ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ በመሽተት ነው። ሽፋን መላጥ አያስፈልግም፤ ፈጣን ነው። ብዙዎቹ ከ90 እስከ 1000 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲን ይለያሉ። ከ12 ቮልት ጀምሮ የሚሉትም አሉ፤ እነዚህን ለቤት ሥራ አንመክርም። ኮርኒስ ላይ አምስት ስድስት ሽቦ አብሮ ታስሮ በሚያልፍበት ቤት ለሁሉም ይጮሃሉና የትኛው ሕያው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ብዕሩ ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ካለፈ ወይም ኬብሉ የብረት ጋሻ ካለው መስኩ ወደ ውጭ አይወጣም። የሶላር መስመር ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ አያየውም። በግድግዳው ጭቃ ውስጥ የተቀበረ መስመርም ያመልጠዋል። ፌዞቹ ተጠጋግተው በተጠማዘዙበት ኬብል ላይ መስካቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ርካሹ ብዕር ሳያስጠነቅቅ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሲበራ የራሱን ሕይወት የሚያሳይ ትንሽ መብራት ያለውን ግዙ። ያ መብራት ከጠፋ ዝምታው ዋጋ የለውም።

ብዕሩን ለመጀመሪያ ቅኝት ተጠቀሙበት። ቆርቆሮው ወይም የፍሪጁ ገላ ነዘረኝ ሲባል ከመንካታችሁ በፊት አስጠጉት። ከጮኸ እመኑትና ዋናውን አውርዱ። ዝም ካለ ገና ምንም አልታወቀም።

ባለ ሁለት ጫፍ ቴስተር

ገንዘባችሁ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ይህን ግዙ። ሁለት እጀታ በኬብል ተያይዞ፣ በአንደኛው ላይ መብራቶች እንደ መሰላል የተደረደሩበት ነው፦ 12፣ 24፣ 50፣ 120፣ 230፣ 400፣ 690። የሚሠራበት የዓለም አቀፍ መስፈርት ቁጥር 61243-3 ነው፤ ገላው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ፈልጉት። የቤኒንግ ዱስፖልና የፍሉክ ቲ ተከታታይ ከዚህ ወገን ናቸው።

ከካቻቢቴው የሚለየው ሰውነታችሁ በመንገዱ ላይ ስለሌለ ነው። የሚያነበው በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ጫማና መሰላል አይለውጠውም። ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን ሌላ ነገር ነው። ደህናው ባለ ሁለት ጫፍ ቴስተር የባትሪ ድንጋዩ ቢያልቅም ከ50 ቮልት በላይ ያለውን አደገኛ ቮልቴጅ ያሳያል፤ የሚያበራውን ጉልበት ከሚፈተሸው መስመር ራሱ ይወስዳልና። ይህንን ሱቅ ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ድንጋዩን አውጡ፣ ሁለቱን ጫፎች ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ውስጥ ክተቱ። አንዳች መብራት ካልበራ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ባለሱቁ «ያለ ድንጋይ የትኛው ይሠራል?» ካላችሁ ሌላውን አሳዩኝ በሉት።

ሁለተኛው የምትፈልጉት የሎድ (የጭነት) ቁልፍ ነው። በሁለቱም እጀታ ላይ አንድ አንድ ቁልፍ ይኖራል፤ ሁለቱን አብራችሁ ስትጫኑ የቴስተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከ200 ኪሎኦም አካባቢ ወደ ጥቂት ኪሎኦም ይወርዳል። ከጎረቤት ሽቦ የተዛመተ ባዶ ቮልቴጅ ይህንን ጭነት አይችልምና ይወድቃል፤ እውነተኛው መስመር ግን እንደበራ ይቆያል። በ220 ቮልት ላይ ሲጫን ወደ 30 ሚሊአምፔር ስለሚስብ በፌዝና በኤርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ) መካከል ካደረጋችሁት አርሲዲ የሚባለውን፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠውን ብሬከር ሊያወርደው ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም አርሲዲው መሥራቱን ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ግን አትጫኑት። በብዙዎቹ ላይ 30 ሴኮንድ ተጠቅሞ 240 ሴኮንድ ማሳረፍ የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡ ይግላል።

ለወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው የፌዝ ቅደም ተከተል የሚያሳየውን ቢመርጥ ይጠቀማል። መስመሩ ተቆርጦ ሲቀጠል ሁለት ፌዝ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ቀበቶውን አስገብቶ ከማወቅ ከመግጠም በፊት በመብራቱ ማወቅ ይሻላል።

መልቲሜትር

ቁጥር ሲያስፈልግ መልቲሜትር ግድ ነው። 380 ቮልት የተጻፈበት ሞተር ከ10 በመቶ በላይ ሲወርድበት፣ ማለትም ከ342 በታች ሲሆን፣ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ይህንን የሚነግራችሁ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለዚያም ሞተሩ እየፈጨ ሳለ መለካት አለበት፣ ባዶውን ሲዞር አይደለም።

መልቲሜትር ግን ኮረንቲ «የለም» ለማለት የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። ጥሩ ዲጂታል መልቲሜትር ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋኦም አካባቢ ስለሆነ ከጎን ሽቦ የተዛመተውን ሁሉ ያነባል። የተቆረጠ ሽቦ ላይ 40፣ 70 ወይም 110 ቮልት አሳይቶ ሰውን ግማሽ ቀን ያስለፋል። የባሰው ጉዳቱ ግን ልምድ ማስያዙ ነው። «ይኼ የተዛመተ ነው» ማለት የለመደ ሰው አንድ ቀን እውነተኛውን ፌዝም እንዲያው ያልፈዋል። በዝቅተኛ ሬዚስታንስ የሚለካ ምርጫ ያለው መልቲሜትር ይህንን ያስቀራል፤ ለምሳሌ ፍሉክ 117 ላይ 3 ኪሎኦም አካባቢ ነው።

በየሱቁ ስላለው ቢጫው ዲቲ 830 አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ለአምፖል ሽቦ ቀጣይነት፣ ለባትሪ፣ ለሬዲዮ ጥገና ይጠቅማል። ብሬከር ሳጥን ላይ ግን አይቅረብ። የ10 አምፔር ቀዳዳው ፊውዝ የለውም፤ ከጎኑም ይህንኑ ጽፎታል። ኮረንቲ ለክቶ ቀዩን ገመድ እዚያው ረስቶ ወደ ሶኬት የሚገባ ሰው ፌዝና ኒውትራልን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) በወፍራም ሽቦ እንዳገናኘ ነው። ገመዱ ይቀልጣል፣ ሳጥኑ ይፈነዳል። ስትገዙ የኋላ ክዳኑን አስፈቱ። የሁለቱም የኮረንቲ ቀዳዳዎች ፊውዝ በነጭ ሴራሚክ የተሸፈነ፣ 600 ወይም 1000 ቮልት የተጻፈበት ይሁን። ሽቦው የሚታይ የመስታወት ፊውዝ 250 ቮልት ብቻ ነው፤ በ380 መስመር ላይ ሲቃጠል መስታወቱ ይሰበርና ቅስቱ ይቀጥላል።

ገላው ላይ የተጻፈው

በፈረንጅ ፊደል «ካት» ተብሎ ከጎኑ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ምልክት በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ ተከትሎ ቮልቴጁ። ይህ ዕቃው ድንገተኛ የቮልቴጅ ግርፍ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚችል ይነግራል። ካት 2 ሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ ነው። ካት 3 ለብሬከር ሳጥንና ለተዘረጋ መስመር ነው። ካት 4 ለቆጣሪና ከምሰሶ ለሚመጣው መስመር ነው። ካት 2 600 ቮልት የ4000 ቮልት ግርፍ ይፈተንበታል፣ ካት 3 600 ቮልት 6000፣ ካት 4 600 ቮልት ደግሞ 8000። በሐምሌና ነሐሴ መብረቅ በሚበዛበት አገር፣ መስመሩ ሜዳ ለሜዳ በምሰሶ ተንጠልጥሎ በሚመጣበት ሁኔታ ይህ የወረቀት ቁጥር አይደለም። ግርፉ ቴስተሩን በያዛችሁበት ቅጽበት ከመጣ የሚለየው ይኸው ነው።

አሁን ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ። የአብዛኛው መፈተሻ መመሪያ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ብሎ ይወስናል። ባህር ዳር 1,800 አካባቢ ስለሆነች ከልኩ ውስጥ ናት። ወደ ዳንግላ ስትወጡ ግን ከ2,000 አልፋችኋል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ ነው፣ እንጅባራ 2,500 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ኮረንቲ ክፍተት ዘሎ ቅስት ለመፍጠር ይቀለዋል። መስፈርቱ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ላለ ከፍታ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለ2,000 ሜትር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ደጋ ላይ ያ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ደጋው ላይ ለብሬከር ሳጥን ሥራ ካት 3 300 ቮልት ወይም ካት 2 600 ቮልት የተጻፈበትን አትቀበሉ። ካት 3 1000 ወይም ካት 4 600 ፈልጉ፤ መመሪያውንም አስወጥታችሁ የከፍታውን መስመር አንብቡ። አንዳንድ አምራች ለ3,000 ሜትር የሚፈቀደውን ለይቶ ይጽፋል።

ካት የሚለውን ቃል ማንም ያትመዋል። ስለዚህ ከሌላው ጋር አመሳክሩት። ራሱን የቻለ መርማሪ ምልክት፣ ለምሳሌ የዩኤል፣ የቲዩቪ ወይም የቪዲኢ፣ አለበት ወይ? የሲኢ ምልክትን ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ስለሚለጥፈው ብቻውን በቂ አይደለም። አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ያለበት ምስል ድርብ ሽፋን እንዳለው ያሳያል። የገመዱ ጫፍ ላይ የተጻፈው ካት ከገላው ካነሰ የሚሠራው ያነሰው ነው። 1000 ቮልት የሚል ገላ ከቀጭን ጠንካራ ገመድና ካት ካልተጻፈበት ጫፍ ጋር ከመጣ ገላውንም መጠርጠር ተገቢ ነው። ታዋቂ ስም ያለበት ዕቃ ከሚጠበቀው በጣም ረክሶ ሲገኝም እንዲሁ፤ የተኮረጀ ገበያ ላይ ሞልቷል።

ጫፎቹን በደንብ እዩዋቸው። ራቁቱን የሚታየው ብረት ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ የሚያርፍበት ጣት እንዳይንሸራተት ጠርዝ ያስፈልገዋል። በቁርጥራጭ ናስትሮ ጠቅልሎ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል፣ ሙጫው ጫፉን ይሸፍንና ቴስተሩ ባለው ላይ «የለም» ይላል።

ገመዱን ለመፈተን መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርጉ፣ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፣ ከዚያ ገመዱን ከጫፉ ሥርና ከመሰኪያው ሥር እጠፉ ዘርጉት። በ0.5 ኦም ዙሪያ መቆም አለበት። ስታጥፉት ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ውስጡ ያለው ሽቦ ሊበጠስ ነው። ከመሣሪያው ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ ነው።

ሦስት ጊዜ መፈተሽ

የትኛውንም ዕቃ ብትይዙ «የለም» የሚለው ቃሉ የሚጸናው እንዲህ ከተደረገ ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለበት በእርግጥ የምታውቁት ሶኬት ላይ ፈትሹት። ቴስተሩ ሊበራ ይገባል።
2. ብሬከሩን አውርዱ፤ ሌላ ሰው እንዳያነሳው ቁልፍ አድርጉበት ወይም ሰው አቁሙ። ከዚያ የምትሠሩበትን ቦታ ፈትሹ። ነጠላ ፌዝ ከሆነ ሦስት ልኬት ነው፤ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኤርዝ፣ ኒውትራል ከኤርዝ። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ አሥር ነው፤ ፌዞቹ እርስ በርሳቸው ሦስት፣ እያንዳንዱ ከኒውትራል ሦስት፣ እያንዳንዱ ከኤርዝ ሦስት፣ ኒውትራል ከኤርዝ አንድ።
3. ተመልሳችሁ ያንኑ ሕያው ሶኬት እንደገና ፈትሹ። አሁን ካልበራ በመካከል ቴስተሩ ሞቷል ማለት ነውና ሁለተኛው እርምጃ አይቆጠርም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ገመዱ የሚበጠሰው፣ ፊውዙ የሚቃጠለው ግን በሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ሠፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲሆን ቴስተራችሁን የምታረጋግጡበት ሕያው ሶኬት የለም፤ ሥራ የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ለዚህ የተሠራ ተንቀሳቃሽ የማረጋገጫ ሳጥን አለ፤ በድንጋይ ሠርቶ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያወጣል። እሱ ካልተገኘ 220 የሚያወጣ የሶላር ኢንቨርተር ወይም ጄነሬተር ያለው ቤት ላይ አረጋግጡ። የባጃጅ ወይም የመኪና ባትሪ የ12 ቮልቱን መብራት ያበራል፤ ያ ገመዱና ጫፉ ደህና መሆናቸውን እንጂ የላይኞቹ መብራቶች መሥራታቸውን አያሳይም። ዋናው ነገር በጨለማ የተፈተሸ መስመር «የለም» ቢልም ዋናው ብሬከር መውረዱ አይቀርም፤ መብራቱ የሚመጣበትን ደቂቃ ማንም አያውቅምና።

መብራት ጠፍቶም መስመሩ ሕያው ሊሆን ይችላል። ያለ ማቀያየሪያ ስዊች ጄነሬተር የሰካ ጎረቤት ኮረንቲውን ወደ ውጭ መስመር ይመልሰዋል። በባህር ዛፍ ምሰሶ ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር የተሳበለት ቤት ደግሞ የራሱን ብሬከር ቢያወርድም ያኛው እንዳለ ነው። እንዲህ ባለ ቤት እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ፈትሹ፤ አንዱ ሶኬት ጨለመ ማለት ሌላው ጨለመ ማለት አይደለም። የነጠላ ፌዝ ወፍጮ ሞተር ካፓሲተርም መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ሁለቱን ጫፎቹን በባለ ሁለት ጫፉ ፈትሹ፤ የመደመርና የመቀነስ መብራት ካሳየ ገና አልለቀቀም።

ኤርዝ የሌለበት ቤት

የእንጨትና የጭቃ ቤት ውስጥ የሶኬቱ ኤርዝ ብዙ ጊዜ ባዶ ቀዳዳ ነው። ያን ጊዜ «ፌዝ ከኤርዝ» የሚለው ልኬት ዜሮ ሲል ምንም አልተናገረም። 50 ሴንቲሜትር አካባቢ የሚገባ የብረት ዘንግ ከቤቱ ውጭ ትከሉ፣ ዙሪያውን ውኃ አፍሱበት፣ በወፍራም ሽቦ ወደ ውስጥ አምጡና እሱን እንደ ኤርዝ ለልኬት ተጠቀሙ። የደረቀ አፈር ሬዚስታንሱ ከፍ ቢልም ቴስተሩ የሚስበው ከ3.5 ሚሊአምፔር ስለማይበልጥ ያነባል። የሎድ ቁልፉን ከተጫናችሁ ግን መብራቱ ሊወርድ ይችላል፤ ያ የፌዙን አለመኖር ሳይሆን የአፈሩን ድርቀት ነው የሚያሳየው። ዘንጉ ለልኬት ነው፤ ለቤቱ መከላከያ ኤርዝ አይሆንም።

ይህ ልኬት የሚያዋጣው ኒውትራል ሲቆረጥ ነው። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ምጣዱ በርቷል ግን አይግልም፤ ካቻቢቴው በሁለቱም የሶኬት ቀዳዳ ይበራል። ልምድ የሌለው ሰው «ሁለት ፌዝ ገባ» ይላል። ባለ ሁለት ጫፉን ያዙ። ፌዝ ከኒውትራል ዜሮ፣ ፌዝ ከዘንጉ 220፣ ኒውትራል ከዘንጉም 220 ካነበበ፣ የተሰኩትን ዕቃዎች በሙሉ ስትነቅሉ ደግሞ ኒውትራሉ ከጨለመ፣ ኒውትራሉ ከእናንተ ወደ ኋላ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ፌዙ በምጣዱ ጥቅልል በኩል አልፎ መውጫ አጥቶ ኒውትራሉ ላይ ቆሟል። መልቲሜትር ብቻ የያዘ ሰው ፌዝ ከኒውትራል ለክቶ ዜሮ ሲያይ «ኮረንቲ የለም» ብሎ ሽቦውን የሚይዘው እዚህ ነው። በባለ ሦስት ፌዝ ሕንፃ ላይ ኒውትራል ከተቆረጠ ደግሞ በአንዱ ክፍል ቮልቴጁ ከ300 ሊያልፍ ይችላል፣ በሌላው አምፖሉ ይደክማል፤ መለካቱን ትታችሁ ዋናውን አውርዱ።

ቤቱ ላይ የመጣው ብልሽት ከምሰሶ ወይም ከትራንስፎርመር ከሆነ እዚያ አቁሙ። የትራንስፎርመሩ ላይኛ ወገን 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው፤ እዚህ የተጠቀሰ የትኛውም ቴስተር ለዚያ አልተሠራም፣ ብዕሩም ጭምር። ለመብራት ኃይል አሳውቁ።

አያያዝ

ክረምት ከመግባቱ በፊት ሥራ ላይ ከማይውል ዕቃ ድንጋዩን አውጡ፤ የሚፈስ ድንጋይ መገናኛውን ይበላዋል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ያስገባችሁትን መልቲሜትር 15 ደቂቃ ሳይቆይ አትክፈቱት፤ ውስጡ ጤዛ ይዟል። ገመዱን ገላው ላይ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት፣ ሰፋ አድርጋችሁ እጠፉት። ሽፋኑ ተልጦ መዳቡ ከታየ አትጠግኑት፤ አዲስ ገመድ ለብቻው ይሸጣል፣ ካቱ ከገላው እኩል መሆኑን አይታችሁ ግዙ፣ አሮጌውን ደግሞ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ከመጣላችሁ በፊት ሁለት ቦታ ቁረጡት።